ሁለት ሜትር ክር በማይታይ ክፍል ውስጥ፦ ዲኤንኤ እንዴት ይታሸጋል?

የዛሬው ትምህርታችን ከዲቾቶ ይነሳል። መነሻው ደግሞ አንድ ጣሳ የግመል ወተት ነው።

በጅቡቲ መስመር የተጓዘ ሰው ዲቾቶን አያጣትም። ከሰመራ ተነስቶ በሰርዶ አድርጎ ወደ ጋላፊ ኬላ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች፣ ከባድ መኪኖች የሚቆሙባት የአፋር ከተማ ናት። እስቲ ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። የጁሙዓ ሶላት ተሰግዷል። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ከወሎ የመጣ አንድ የመኪና ረዳት ከአንድ የአፋር ሽማግሌ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሽማግሌው ገና የታለበ ወተት ያቀርቡለታል።

«ጠጣ ልጄ፣ መንገደኛ ነህ።»

«ጀዛከላህ አባባ። ግን ሆዴ አይችለውም። ባለፈው ጠጥቼ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህብኝ አደረ።»

አጠገባቸው ያሉት ወጣቶች ሳቁ። «የደጋ ሰው ሆድ!» አለ አንዱ። ረዳቱም አብሮ ሳቀ፤ ግን ትንሽ አፍሯል።

አሁን እናስብ። ሽማግሌውም ረዳቱም ሕፃን ሳሉ የእናታቸውን ጡት ያለ ችግር ጠብተዋል። ወተትን ለመፍጨት የሚያስፈልገው መመሪያ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ አለ። ዛሬም አለ፤ ከረዳቱ ላይ አልጠፋም። ታዲያ አንዱ ጠጥቶ ሲረካ ሌላው ለምን ይታመማል? መልሱን ለማግኘት ዲኤንኤ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በሕዋስ ውስጥ እንዴት ታጥፎ እንደተቀመጠ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ይህን ትምህርት ለፈተና ብለን ሸምድደነው አልፈናል። ዛሬ ግን ቀስ ብለን እንየው።

ክሩ ምንድን ነው?

ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት የተገነባ ነው። በአብዛኞቹ ሕዋሳት መሃል ኒውክለስ የምንለው አስኳል አለ። ዲኤንኤ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቅርጹ የተጠማዘዘ መሰላል ይመስላል። የመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች ከስኳርና ከፎስፌት የተሠሩ ናቸው። መወጣጫዎቹ ደግሞ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ብለን የምንጠራቸው አራት ፊደላት ጥንዶች ናቸው። ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ጂ ሁልጊዜ ከሲ ጋር ይጣመራሉ። ስለዚህ የአንዱን ወገን ቅደም ተከተል ካወቅን ሌላውን ሳናየው መጻፍ እንችላለን። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ዲኤንኤውን የሚቀዳውም በዚሁ ሕግ ነው፤ መሰላሉ መሃል ለመሃል ይከፈትና እያንዳንዱ ወገን ለአዲስ ጓደኛው ቅጂ ይሆናል።

ይህ ቅርጽ በአንድ ቀን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1869 ፍሬድሪክ ሚሸር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ከቁስል ፋሻ ላይ በሰበሰበው መግል ውስጥ ከአስኳል የሚወጣ አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1952 በለንደን በሮዛሊንድ ፍራንክሊን ቤተ ሙከራ በኤክስሬይ የተነሳ ፎቶ የክሩን ጠመዝማዛነት አሳየ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የመሰላሉን ቅርጽ ገልጸው አሳተሙ።

አሁን ስልካችሁን አውጡና አንድ ስሌት እንሥራ። ከአባታችን ወደ 3 ቢሊዮን፣ ከእናታችንም ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ የፊደል ጥንዶችን ወርሰናል። በድምሩ 6 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። በአንዱ መወጣጫና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖ ሜትር ነው። አንድ ናኖ ሜትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 6 ቢሊዮንን በ0.34 ናኖ ሜትር አባዙት። የምታገኙት 2 ሜትር ገደማ ነው።

ሁለት ሜትር! ከአብዛኞቻችን ቁመት ይበልጣል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ነው። የአስኳሉ ስፋት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያንሳል፤ 6 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው። ሱብሓነላህ!

ችግሩ የቦታ ጥበት ነው?

ቁጥሮቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ሁሉንም 10,000 ጊዜ እናሳድጋቸው። አስኳሉ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አንድ ብርቱካን የሚያህል ኳስ ይሆናል። ዲኤንኤው ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ክር ይሆናል። ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር በ50 ተከፍሎ የሚገኘው ብቻ ነው፤ ከፀጉራችን ይቀጥናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ እንዴት ይበቃዋል?» ይላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ 20 ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ተጠቅልሎ የሚይዘው ቦታ ከብርቱካኑ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቦታው ይበቃል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ክር ብርቱካን በሚያህል ነገር ውስጥ ዝም ብለን ብንጠቀጥቀው ይወሳሰባል። ከተወሳሰበ ደግሞ ከመሃሉ አንዲት ክንድ የምታህል ቦታ ፈልጎ ማንበብ አይቻልም። ሕዋስ በሚከፈልበት ጊዜም ሁለቱን ቅጂዎች ሳይበጠሱ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ የዲኤንኤ አስተሻሸግ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ መመለስ አለበት። አንደኛ፣ ሳይወሳሰብ እንዴት ይቀመጥ? ሁለተኛ፣ የሚፈለገው ክፍል በሚፈለግበት ሰዓት እንዴት ይገኝ?

አፋር ውስጥ ያደጋችሁ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ በፊት ታውቁታላችሁ። አርብቶ አደር ቤተሰብ ሲጓዝ ቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እናቶች ቤቱን ይፈቱታል፤ የጎበጡትን እንጨቶች ያስራሉ፤ ሰሌኑን ይጠቀልላሉ፤ ከዚያ ግመል ላይ ይጭናሉ። አንዲት ብልህ እናት ዕቃዋን እንዴት እንደምትጭን አስተውሉ። መንገድ ላይ የሚፈለገው የውሃና የወተት ዕቃ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይንጠለጠላል። ማደሪያ ሲደረስ ብቻ የሚፈለገው ከሥር ይታሰራል። ዕቃው ያው ነው፤ አንድም አልቀረም። ግን አጫጫኑ ምን ቶሎ እንደሚወጣና ምን እንደሚቆይ ይወስናል። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ጥቅለላው ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ደረጃ ከበሮ ነው። ሂስቶን የሚባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ተሰባስበው ትንሽ ከበሮ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። የዲኤንኤው ክር ይህን ከበሮ አንድ ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ ገደማ ይዞረዋል። በዚህ ዙር ውስጥ 147 የፊደል ጥንዶች ይጠቀለላሉ። ከዚያ ጥቂት ፊደላት ያለ ከበሮ ይሄድና ሌላ ከበሮ ይዞራል፣ ከዚያም ሌላ። ከሩቅ ሲታይ በክር ላይ የተሰካ ዶቃ፣ ወይም የተዘረጋ ሙስበሃ ይመስላል። እያንዳንዱ ከበሮ ከነክሩ ኑክሊዮሶም ይባላል። በአንዲት የሰው ሕዋስ ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ኑክሊዮሶሞች አሉ።

ክሩ ከበሮው ላይ በምን ይጣበቃል? በኤሌክትሪክ ቻርጅ። በዲኤንኤው ቋሚዎች ላይ ያለው ፎስፌት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ሂስቶኖቹ ደግሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ በተሸከሙ አሚኖ አሲዶች የተሞሉ ናቸው። ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ይህን ነጥብ አስታውሱ፤ ማሰሪያው ቻርጅ ከሆነ ቻርጁን በመቀየር ማላላት ይቻላል ማለት ነው። ይህን የከበሮ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ሮጀር ኮርንበርግ ነው። ዝርዝር ምስሉ የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ሁለተኛው ደረጃ መታጠፍ ነው። ዶቃዎቹ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት እዚህ ላይ 30 ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው፣ እንደ ስፕሪንግ በሥርዓት የተጠመዘዘ ገመድ ይሥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ግን ተመራማሪዎች በአዲስ ዘዴ የሰው ሕዋስን አስኳል ሲመለከቱ ያገኙት ያን የመሰለ ቀጥ ያለ ስፕሪንግ አልነበረም። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይ፣ እንደልቡ የሚተጣጠፍ ሰንሰለት ነበር። ስለዚህ ፈተና ላይ መጽሐፋችሁ ያለውን መልሱ፤ ነገር ግን በሕይወት ያለ ሕዋስ ውስጥ ነገሩ ከሥዕሉ ይበልጥ ልቅ መሆኑን እወቁ።

ሦስተኛው ደረጃ ቀለበት ነው። ኮሂሲን የተባለ የቀለበት ቅርጽ ያለው ፕሮቲን ክሩን እየሳበ ረዘም ያሉ ዙሮችን ያወጣል። አንድ ሰው ረጅም ገመድ በቀለበት ውስጥ አሹልኮ ሲጎትት አስቡት። በዚህ ምክንያት በክሩ ላይ በጣም የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ጎን ለጎን ሊመጡ ይችላሉ። ይህም በኋላ ለወተቱ ጉዳይ ቁልፍ ነው።

አራተኛው ደረጃ ሰፈር ነው። 2 ሜትሩ አንድ ወጥ ክር አይደለም። ክሮሞሶም በሚባሉ 46 ክሮች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ክሮሞሶም በአስኳሉ ውስጥ የራሱ ሰፈር አለው፤ ከጎረቤቱ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ይነካካል እንጂ እንደ ማካሮኒ አይደባለቅም።

አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ክሮሞሶም ሲባል ሁላችንም በዓይናችን የሚመጣው የመስቀለኛ ቅርጽ ነው። ክሮሞሶም ግን ያንን ቅርጽ የሚይዘው ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል፣ ከተቀዳ በኋላና ኮንደንሲን በሚባል ሌላ ፕሮቲን በጣም ተጠቅልሎ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ያ የጉዞ ጭነት ነው፤ ሁሉም ነገር ተጠፍሮ የታሰረበት ሰዓት። በቀሪው ጊዜ ክሩ ዘርዘር ብሎ፣ እየተነበበ ሥራ ላይ ነው።

የታሰረ አይነበብም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። የዓይናችሁ ሕዋስና የጉበታችሁ ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ አላቸው። ሁለቱም ሙሉውን መጽሐፍ ይዘዋል። ታዲያ ዓይን ለምን ሐሞት አያመነጭም? በዓይን ሕዋስ ውስጥ የጉበት ሥራ ምዕራፎች ጥብቅ ተደርገው ታሽገዋል። አንባቢ ፕሮቲኖች ሊደርሱባቸው አይችሉም። የዓይን ምዕራፎች ደግሞ ልል ሆነው ተከፍተዋል።

ይህ መክፈትና መዝጋት የሚከናወነው በትንንሽ ኬሚካላዊ ምልክቶች ነው። ሂስቶን ላይ አሴቲል የሚባል ምልክት ሲለጠፍ ፖዘቲቭ ቻርጁ ይቀንሳል፤ መሳሳቡ ይላላል፤ ክሩ ይከፈታል። በተቃራኒው ዲኤንኤው ራሱ ላይ፣ በተለይ ሲ በተባለው ፊደል ላይ፣ ሜቲል የሚባል ምልክት ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ያ ክፍል ይዘጋል። ፊደሉ አልተቀየረም። ጽሑፉ ያው ነው። የተቀየረው መታሰሩና መፈታቱ ነው።

በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ መጽሐፉ ጭራሽ የለም። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ አስኳሉን አስወጥቶ ነው ሥራ የሚጀምረው። በደም ምርመራ ዲኤንኤ ሲፈለግ የሚገኘው ከነጭ የደም ሕዋሳት ነው።

ወደ ዲቾቶው ጣሳ እንመለስ

በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ በግመል ወተትም ውስጥ አለ። ይህን ስኳር ትንሹ አንጀታችን እንዳለ መምጠጥ አይችልም። ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ለሁለት ሊቆርጠው ይገባል። ላክቴዝ ከሌለ ስኳሩ ሳይቆረጥ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይፈጠራል፤ ውሃም ይሳባል። የረዳቱ ሆድ ሌሊቱን ሙሉ የጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

የላክቴዝ መመሪያ የተጻፈው በክሮሞሶም ቁጥር 2 ላይ ነው፤ የሌለው ሰው ከስንት አንድ ነው። ሕፃን ሁሉ ይከፍተዋል። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ግን ጡት ከጣሉ በኋላ ይዘጉታል፤ ጥጃም፣ የግመል ግልገልም፣ ሰውም። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ይህን ጂን በዕድሜ ዘግተውታል። እንግዲህ የረዳቱ ሆድ በሽተኛ አይደለም። የብዙኃኑን መንገድ የተከተለ ነው። ማብራሪያ የሚፈልገው የሽማግሌው ሆድ ነው!

ማብራሪያው የተገኘው ከጂኑ ውስጥ ሳይሆን ከጂኑ 14,000 ያህል ፊደላት ርቆ፣ በጎረቤት ጂን ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ቤታችሁ መብራቱ ሳሎን ሆኖ ማብሪያው ኮሪደር ላይ እንዳለው ማለት ነው። ክሩ ስለሚታጠፍ ሩቁ ማብሪያ ወደ ጂኑ ሊጠጋ ይችላል። በአብዛኛው ሰው ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ሜቲል የሚባሉት ምልክቶች በዚህ አካባቢ ይከማቻሉ፤ ሥፍራው እየተዘጋ ይሄዳል። በአንዳንድ ሰዎች ግን በማብሪያው ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። ያች ፊደል የሚያነቡት ፕሮቲኖች አጥብቀው እንዲይዙት ታደርጋለች፤ ሥፍራው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከአባት ወይም ከእናት አንዱ ቅጂ ብቻ እንኳ በቂ ነው።

የሚገርመው ይህ ለውጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያልተከሰተ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓውያን ላይ የተገኘው ለውጥ ከጂኑ መነሻ 13,910ኛው ፊደል ላይ ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን የተገኘው አንዱ ለውጥ 13,907ኛው ላይ ነው፤ ሦስት ፊደል ብቻ ይርቃል። ግመል በሚያረቡ የዓረብ ባሕረ ሰላጤ ሕዝቦች ዘንድ የተለመደው 13,915ኛው ላይ ነው። በኬንያና በታንዛኒያ ደግሞ 14,010ኛው ላይ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ውስጥ ብቻ እንዲህ ያሉ የተለያዩ ለውጦች በአንድነት ይገኛሉ። ወተት ምግብም ውሃም በሆነበት፣ ድርቅ በሚደጋገምበት አገር ይህች ፊደል ያለችው ሰው የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ስለዚህ በትውልድ ውስጥ በዛች።

ይህ ማለት ግን «አፋር ሁሉ ይችላል፣ ደገኛ ሁሉ አይችልም» ማለት አይደለም። በሁለቱም ወገን የሚችልም የማይችልም አለ። ጂን ብቻውንም ሁሉን አይወስንም። ይህች ፊደል ሳትኖራቸው ወተት ዘወትር የሚጠጡና ብዙም የማይታመሙ አርብቶ አደሮች አሉ፤ የአንጀታቸው ባክቴሪያዎች እንደተላመዱ ይታሰባል።

ለተግባር የሚሆኑ ሦስት ነገሮች። አንደኛ፣ ወተት የማይስማማው ሰው የረጋውን ወይም እርጎውን ይሞክር፤ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን አስቀድመው በልተውታል። ትንሽ በትንሹ ከምግብ ጋር መጠጣትም ይረዳል። ሁለተኛ፣ ወተትን ማፍላት ላክቶሱን አያጠፋውም፤ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎችን ግን ይከላከላልና ጥሬ ወተት ማፍላት መልካም ነው። ሦስተኛ፣ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ወተቱ ነው» ብላችሁ ጡት አታስጥሉት፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ወባም ይህን ጥበብ ታውቀዋለች

በአዋሽ ሸለቆ ወባን የማያውቅ የለም። ፋልሲፓረም የተባለችው አደገኛዋ የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በሕዋሱ ገጽ ላይ የራሷን ፕሮቲን ታወጣለች፤ ይህም ሕዋሱን ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። የሰውነታችን መከላከያ ይህን ፕሮቲን አይቶ መዋጋት ይጀምራል።

ተውሳኳ ግን ለዚህ ፕሮቲን 60 ያህል የተለያዩ ጂኖች አሏት። በአንድ ጊዜ የምትከፍተው አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹን በአስኳሏ ጠርዝ ላይ አጥብቃ አሽጋ ታስቀምጣቸዋለች። መከላከያችን የመጀመሪያውን ፕሮቲን ሲለምደው አንዳንዶቹ ተውሳኮች ያንን ዘግተው ሌላ ይከፍታሉ። ልብሱን እየቀያየረ ኬላ እንደሚያልፍ ኮንትሮባንዲስት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ወባ የያዘው ሰው ደግሞ ደጋግሞ የሚያዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተውሳኳ የምታመልጠው አዲስ ፊደል ጽፋ ብቻ አይደለም፤ የያዘችውን በማሰርና በመፍታትም ነው።

ውስብስቡን የሚፈታው ማን ነው?

ክር ሲጠቀለልና ሲነበብ ይጠመዘዛል፤ ይቋጠራልም። ሕዋስ ለዚህ ልዩ ኢንዛይሞች አሉት። ክሩን ይቆርጣሉ፣ ሌላውን ክር በመሃሉ ያሳልፋሉ፣ መልሰው ይገጥሙታል። ባክቴሪያም እንዲሁ ያደርጋል። ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ሲሆን በውስጡ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ዲኤንኤ ይዟል። ጋይሬዝ የሚባለው ኢንዛይሙ ክሩን እየጠመዘዘ ያሰባስበዋል።

ሁላችሁም የምታውቁት ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በተለምዶ «ሲፕሮ» የምንለው መድኃኒት፣ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጋይሬዙ ክሩን ከቆረጠ በኋላ እንዳይገጥመው ይይዘዋል። የባክቴሪያው ዲኤንኤ ተቆርጦ ይቀራል፤ ባክቴሪያውም ይሞታል። ነገር ግን በጋይሬዙ ጂን ላይ አንዲት ፊደል ከተለወጠች መድኃኒቱ መያዣ ሊያጣ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲፕሮ ገዝተን ሁለት ቀን ውጠን ስንተው የምናደርገው ደካማዎቹን ገድለን የተለወጡትን ማስቀረት ነው። ነገ እናታችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ በእርግጥ ሲታመም መድኃኒቱ ላይሠራለት ይችላል። እባካችሁ ያለ ማዘዣ አትውሰዱት፤ ከታዘዘላችሁም እንደታዘዘው ጨርሱት።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ

ሁለት ሜትር ክር ውሰዱ። መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ቀይ ምልክት አድርጉ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ጨምድዳችሁ ባዶ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ክተቱት፤ ከዚያ ሌላውን ሳታወጡ ቀዩን ለማውጣት ሞክሩ። ቀጥሎ ያንኑ ክር በትንንሽ እንጨቶች ላይ በሥርዓት ጠቅልሉት፤ ቀዩ ያለበትን ክፍል ሳትጠቀልሉ ተዉት። አሁን እንደገና ሞክሩ። ከታናናሾቻችሁ ጋር ሆናችሁ ብታደርጉት የተሻለ ነው። ክሩ ያው ክር ነው፤ ሳጥኑም ያው ሳጥን። ልዩነቱን በእጃችሁ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ወደዚያ የዲቾቶ ጥላ ተመለሱ። በሽማግሌውና በረዳቱ መካከል ያለው፣ ወጣቶቹን ያሳቀው ልዩነት፣ ከ3 ቢሊዮን ፊደላት አንዲት ፊደል ልትሆን ትችላለች። እርሷም ያለችው በማብሪያው ላይ እንጂ በጂኑ ውስጥ እንኳ አይደለም። ያችኑ የመሰለች ፊደል በአውሮፓም፣ በዓረብ ምድርም፣ በሱዳንም፣ በኬንያም በየራሷ መንገድ ተገኝታለች። «የእኛ ደም የተለየ ነው» ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ እንግዳ «ሆዴ አይችለውም» ሲላችሁ አትሳቁበት። እርጎ አቅርቡለት። ለምን እንደሆነም አሁን ልታስረዱት ትችላላችሁ።

ይህን ትምህርት ባዮሎጂ ለከበደው አንድ ወዳጃችሁ አድርሱት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ጁሙዓ እንመለስበታለን።